ጀናዛ የሌለው ቀብር

እትዬ ሉባባ ሞተች። በበጋ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ዙህር ሰግዳ ጋደም ባለችበት አልጋዋ ላይ። ልጇ እያለቀሰች መጥታ ስትነግረኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ምን ወደቀባት?» የሚል ነበር።

«ምንም አልወደቀባትም ጋሼ ሰይድ፤ ተኝታ ነው» አለችኝ።

አላመንኩም። ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ ጎርፍ ስትፈራ፣ ናዳ ስትፈራ፣ መብረቅ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ፍሬን የበጠሰ ኢሱዙ፣ የታቆረ ውሃ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ ስትፈራ የኖረች ናት። ከእነዚህ አንዳቸውም ደጇን ሳያንኳኩ እንቅልፍ ወሰዳት። ሁሉን በር ዘግታ ስትጠብቅ ሞት ከውስጥ ኖሯል የመጣው። ቀብሯን ስለፍፍ ድምፄ ተቆራረጠ፤ ሰው ከሐዘን ነው ብሎ አዘነልኝ። ግማሹ ከሐዘን ነው፤ ግማሹ ከጥርስ ማነስ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅና ወደ እሷ ልለፍ። እኔ በደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለው የሰፈራችን ቅሬ ለፋፊ ነኝ። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት ማልዶ እየዞረ «ቀብር አለ፣ ውጡ» የሚለው እኔ ነኝ። በጉብዝናዬ ድምፄ ከጦሳ ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ መውረጃው፣ ሐረጎ ድረስ ይሰማ ነበር ይባላል፤ ባዩ እኔው ነኝ። የፊት ጥርሶቼ ከረገፉ ወዲህ ግን የሟቹን ስም ስጠራ ግማሹ ሰው የተሳሳተ ቤት ለቅሶ ይደርሳል። ቅሬው መላ መትቶ ድምፅ ማጉያ ገዛልኝ፤ አሁን ስህተቴ ራቅ ብሎ ይሰማል።

እትዬ ሉባባ የቅሬው ዕቃ ቤት ሹም ነበረች። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ዶማና አካፋው ሁሉ በእሷ ቁልፍ ሥር ነው። ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች። ሰው ቤት ስትገባ «አሰላሙ አለይኩም» ከማለቷ በፊት ግድግዳውን በመዳፏ ትደባብሳለች፤ ገበያ ላይ በሬ የሚገዛ ሰው ነው የምትመስለው። ከዚያ በር አጠገብ ትቀመጣለች። ሠርግም ቢሆን በር አጠገብ ነች። እኔ ይህን ፍርሃት ለረጅም ጊዜ እጠረጥረው ነበር፤ ምግቡ የሚገባው በበሩ ስለሆነ መጀመሪያ የሚደርሰው እሷ ጋ ነው።

ሁልጊዜ ልክ ነበረች እንዳትሉ። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት ውስጥ ጣሪያው ጮኸ ብላ እንግዳውን ሁሉ ሜዳ ላይ አስወጣችው። እኔ እንኳ ቁራሽ ሥጋ በእጄ ይዤ ነው የሮጥኩት። በኋላ ሲጣራ የጮኸው የሙሽራው አጎት የተቀመጠበት ወንበር ነው። ቤቱ ዛሬም ቆሟል፤ የተለያዩት ሙሽሮቹ ናቸው። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እሷ ግን ለሰፈሩ ሁሉ ነበር የምትፈራው። ሰፈሩም በምላሹ ይስቅባታል።

ከሁሉ የምትጠላው ቃል «አብሽር» ነው። እኛ ወሎዎች አብሽር ሳንል ፀሐይ አትወጣም። የታመመውን አብሽር፣ የከሰረውን አብሽር፣ ቤቱ የዘመመበትንም አብሽር እንላለን። እትዬ ሉባባ ይህን ስትሰማ ፊቷ ይለወጣል። «አብሽር ብሎ ምሰሶ ያቆመ አይተሃል?» ትላለች። «ምሰሶውን አቁምና ከዚያ አብሽር በለኝ።»

እንዲህ የሆነችበትን ምክንያት አንድ ጊዜ ብቻ ነግራኛለች፤ ያውም የቅሬውን ድስት እያጠበች፣ ፊቷን ወደ ድስቱ አድርጋ። ያደገችው ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር ነው። ቦርከና ከደሴ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ወንዝ ስለሆነ፣ ደሴ ላይ የዘነበው ኮምቦልቻ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ የደሴ ሰው ጃንጥላውን አጥፎ ሻይ ሲጠጣ ኮምቦልቻ ላይ ጎርፉ ገና መድረሱ ነው። የዚያን ቀን ኮምቦልቻ ላይ ጠብታ አልነበረም። ፀሐይ ነው፣ በርበሬ አስጥተዋል። በሐረጎ በኩል ጥቁር ደመና ይታያል። እናቷ ቀና ብለው አይተው «የደሴዎች ዝናብ ነው፣ አብሽሩ» አሉ። ከዚያ ውሃው መጣ። ሁሉም ወደ ዳገቱ ሮጡ፤ ታናሽ እህቷ በርበሬውን ላንሳ ብላ ተመለሰች።

እዚህ ላይ ስትደርስ ድስቱን ገልብጣ ቂጡን መፈግፈግ ጀመረች። ከዚያ ወዲያ አልነገረችኝም። እኔም ለፋፊ ብሆን ዝም ማለት የማውቅበት ጊዜ አለ።

ቆይቼ «ታዲያ ደሴ ምን አመጣሽ?» አልኳት።

«ጎርፉ ከሚደርስበት ይልቅ ከሚነሳበት ልኑር ብዬ» አለች። «ስመጣ ለካ እዚህ ደግሞ ተራራው ራሱ ይሄዳል።»

አሁን ወደ ግንቡ ልምጣ።

ከጦሳ ወደ ሰፈራችን የሚወርድ አንድ ፈሰስ ነበር፤ በበጋ የፍየል መንገድ፣ በክረምት የውሃ መንገድ። ሐጂ ይመር፣ የቅሬያችን ዳኛና የጭነት መኪናዎች ባለቤት፣ ለኢሱዙዎቻቸው ማቆሚያ አጡ። አጡና ፈሰሱን በአፈር፣ በፍርስራሽና በአሮጌ ጎማ ሞልተው፣ ከታች በኩል በድንጋይ ግንብ ገደቡት። ግንቡ ያምር ነበር፤ ሰው እየመጣ ያደንቀው ነበር። የውሃ መውጫ ቀዳዳ ግን የለውም። ግንበኛው ቀዳዳ ልተው ብሎ ነበር አሉ፤ ሐጂ መልኩን ያበላሸዋል ብለው አስቀሩት። ከግንቡ ሥር የአሚናት የጭቃ ቤት አለ። ባሏ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል፤ እሷ ትንንሽ ልጆቿን ይዛ እዚያው ናት። እነሱ የተኙበትና ያ ሁሉ አፈር የሚለያዩት በዚያ ባማረ ግንብ ብቻ ነው።

አንድ ወጣት ባለሙያ መጥቶ አይቶት ነበር። ልጁ የተማረ ነው፣ አልዋሸም። ግንቡን ዞሮ አየ፣ አፈሩን ረገጠው፣ ክረምት ሳይገባ ይህ ካልተከፈተ ውሃው ከኋላ ተጠራቅሞ ግንቡን ከነአፈሩ ያወርደዋል አለ። ስብሰባ ተደረገ። በስብሰባው ሌላ ስብሰባ እንዲደረግ ተወሰነ። በመጨረሻ የቦይ ቁፋሮ ዘመቻ ተጠራ። በዘመቻው የተገኘነው እኔ፣ እትዬ ሉባባ፣ ባለሙያው፣ ፎቶ አንሺና አንድ ውሻ ነበርን፤ ፎቶው ከተነሳ በኋላ ውሻውም ሄደ። ሁለት ሽማግሌዎች ተራራ ቆፍረን ስለማንጨርስ እኛም ተመለስን።

«የሚያውቅ አልጠፋም» አለች እትዬ ሉባባ አካፋዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ። «የጠፋው የሚቆፍር ነው።»

ሐጂ ይመር ዘንድም ሄደን ነበር። በክብር ተቀበሉን፣ ለስላሳ አስከፈቱልን። ከዚያ ጉዳዩ ሲነሳ ምስባሃቸውን እየቆጠሩ ሁሉም በቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው አይቀርም፣ ዝናብ የእኔ አይደለም አሉን።

«ዝናቡማ የአላህ ነው ሐጂ» አለች። «ግንቡ ግን የእርስዎ ነው፤ አይቀላቅሏቸው። ሐረጎን በመኪና ሲወርዱ የሚረግጡት ፍሬን ነው ወይስ ቀደር?»

ሐጂ ሳቁ። አብሽሪ አሏት። ለስላሳውን ሳትጨርስ ተነሳች፤ እኔ የሷንም ጨርሼ ተከተልኳት።

ክረምቱ ገባ። መጀመሪያ የሚጥለው ትንሽ ትንሽ ነበር። ከዚያ የአሚናት ጓሮ ግድግዳ ላበው፤ ቆይቶም በሯ አልዘጋ አለ፣ መቃኑ ዘምሟል። እትዬ ሉባባ አሚናትን ከነልጆቿ ወደ ቤቷ ወሰደች፤ አሚናት ግን ሰንብታ ልጆቿን ይዛ ተመለሰች። ምን ትሁን? ቤቱን ትቼ ብሄድ ሌባ ይገባል፣ ብቆይ ግንቡ ይገባል አለችን፤ ሌባው ግን በዚያው ሳምንት ጎረቤት ገብቷል፣ ግንቡ እስካሁን የትም አልገባም። ሒሳቧ እንዲያ ነበር። እኔም ብሆን ያው ነው የማደርገው፤ ከእኔ ቤት ሌባ የሚወስደው ነገር ባይኖርም።

በተመለሰች ማግሥት፣ ዝናቡ አባርቶ በነጋበት ጠዋት እትዬ ሉባባ ደጄ ቆመች።

«ሰይድ፣ ተነስና ለፍፍ።»

«ኢና ሊላሂ። ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«እና ምን ብዬ ልለፍፍ?»

«ቀብር አለ በል። ሌላ ጊዜ የምትለውን በል። ዶማና አካፋ ይዛችሁ ሐጂ ይመር መኪና ማቆሚያ ውጡ በል።»

«እትዬ፣ ውሸት ነዋ።»

«ድምፄ ሐረጎ ይሰማ ነበር ስትል ማን ከሰሰህ?» አለችኝ።

 ድምፅ ማጉያዬን አንስቼ ወጣሁ።

ለዘመቻ ያልወጣው ሰፈር ለቀብር እንደ ንብ ወጣ። በቅሬ ቀልድ የለም፤ የሰው ቀብር ያልወጣ፣ የእሱ ጊዜ ሲደርስ ማን ይወጣለታል? ሁሉም ይህን ያስባል። እንዲያው የሰው ነገር ሲታይ፣ ለሞተ ሰው ጉድጓድ ለመቆፈር ከሥራው ይቀራል፤ ላልሞተው ለመቆፈር ግን ጊዜ የለውም። ሲደርሱ ድንኳኑ ተተክሏል፤ ከግንቡ ጫፍ፣ ኢሱዙዎቹ መሐል። ሰው ፊቱን አጥቁሮ፣ እርስ በርሱ በሹክሹክታ ሟቹን እየጠየቀ ተቀመጠ። አንዳንዱ እኔን እያየ «አይ፣ እሱ አለ» ሲል ሰማሁ።

ሐጂ ይመር ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በዳኛ ወጋቸው መጡ። ደጃቸው ላይ ድንኳን ማየታቸው አስደንግጧቸዋል።

«ጀናዛው ከየት ነው የሚነሳው?» አሉ።

እትዬ ሉባባ በአገጭዋ ከግንቡ በታች አመለከተች። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አየን። አሚናት ትንሿን ልጅ አቅፋ ቀና ብላ ታየናለች፤ ለቅሶው የማን እንደሆነ እሷም ግራ ገብቷታል።

«ገና አልሞቱም ሐጂ» አለች እትዬ ሉባባ። «አሚናትና ልጆቿ ናቸው። ዛሬ እዚህ ካልቆፈርንላቸው ሌላ ቀን እዚያ እንቆፍርላቸዋለን። መቼም ቅሬው መቆፈሩ አይቀር፤ ቦታውን እርስዎ ይምረጡ።»

 አንዱ ከኋላ ፍርፍር ብሎ ሳቀና ሳቁን ዋጠ። ሐጂ ፊታቸው ቀልቶ በሞት ታሾፊያለሽ ወይ፣ በቅሬ ትጫወቻለሽ ወይ እያሉ ወረዱባት።  ሰውም ማጉረምረም ጀመረ፤ ሱቁን ዘግቶ የመጣ አለ፣ ቁርሱን ትቶ የመጣ አለ። ሁሉም ልሂድ ብሎ ተነሳ። ተነሳና ግን ቆመ።

እኛ ሰፈር አንድ ነገር አለ። ለቀብር የወጣ ዶማ አፈር ሳይነካ ወደ ቤት አይመለስም፤ ደርቆ ከተመለሰ ሞት ከዚያ ቤት ሰው ይጠራል ይባላል። ይህን ወግ ከማንም በላይ የሚያጠብቁት ደግሞ ራሳቸው ሐጂ ይመር ናቸው። አንድ ጊዜ ሞተ የተባለው ሰውዬ ተነፈሰ ተብሎ ቀብር ሲቀር፣ ሕዝቡን ሁሉ መንገድ ዳር አስቆፍረው ነው የበተኑት። ሰውዬው ዛሬም አለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ግን አንድ ባጃጅ ገብታ ነበር።

ሰው ሁሉ ደረቅ ዶማውን አየ። ከዚያ ሐጂን አየ። ሐጂም ዶማዎቹን አዩ፤ የራሳቸው ልጆች የያዙትንም ጭምር። ባለሙያው ሲነግራቸው ያልፈሩት ሰውዬ ግንባራቸውን ጠረጉ።

«አንድ አንድ ጊዜ ንኩና ተበተኑ» አሉ በመጨረሻ።

እትዬ ሉባባ ይህን ስትጠብቅ ኖሮ፣ ፈሰሱ ይሄድበት በነበረው መስመር ላይ አመድ በትና ቆይታለች። «በዚህ በኩል ንኩ» አለች።

አንድ አካፋ ቆፍሮ የሚያቆም ሰው አይታችኋል? እንደ ቆሎ ነው። አንዱ የጎኑን አይቶ ደገመ፣ ሌላው የእኔ ድንጋይ ሳይወጣ አልሄድም አለ፤ ጎማ ሲወጣ ተሳሳቁ፣ የማን ጉድጓድ ጠለቀ ተብሎም ፉክክር ተነሳ። እኔም አንድ አካፋ አንስቼ ወገቤን ይዤ ድንኳን ውስጥ ገባሁ፤ ያቺን አንድ አካፋ ዛሬም ድረስ እተርካታለሁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ከግንቡ ሥር አንድ ድንጋይ ፈነቀሉ። ያኔ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ከግንቡ ኋላ ቡናማ ውሃ ፊሽ ብሎ ወጣ። ወጥቶም አላቆመ። የሚስቅ ሰው ጠፋ። አሚናት ልጇን ይዛ ወደ ጎን ሸሸች።

እሷን የሚያመሰግናት መስሏችሁ ከሆነ ሰፈሬን አታውቁትም። ዝናቡ ለቀናት ጠፋ፣ ፀሐይ ወጣች። ያ ውሃ በሰው አፍ ላይ መጀመሪያ «ትንሽ ውሃ» ሆነ፣ ከዚያ «እርጥበት ቢጤ»። ሐጂ ቅሬውን ሰበሰቡና ፍርድ ተቀመጡ። ክሱ እትዬ ሉባባ ጀናዛ ሳታቀርብ ቅሬ አስጠርታለች የሚል ነው። ጀናዛ ማቅረብ ትችይ ነበር ወይ ተብላ ስትጠየቅ፣ ትንሽ ብትታገሱኝ ይቀርብ ነበር አለች። ጥፋተኛ ተባለች፤ ቁልፉን ከአንገቷ አወለቁ። እኔም ተከስሼ ነበር፤ እኔን ግን «በእርጅና ምክንያት ማስተዋሉ የደከመ» ብለው በነፃ አሰናበቱኝ። እንደዚያ ያዋረደኝ ነፃነት አላየሁም። በይግባኝ ጥፋተኛ ልሁን ብዬ ነበር፣ የሚሰማኝ አጣሁ።

ከዚያ ትልቁ ዝናብ መጣ። ከጦሳ የወረደው ውሃ ጎማውንም ጉቶውንም ይዞ በተቆፈረው ቦይ ገባ፣ በአሚናት ቤት ጎን አለፈ፣ ወደ ታች ወረደ። ምንም አልሆነም። በማግሥቱ ሐጂ ይመር ግንባቸው ላይ ቆመው «አላልኳችሁም? ይኸው ምንም አልሆነም! በከንቱ ነው መኪና ማቆሚያዬን ያበላሻችሁት» አሉ። የሚከራከር አልነበረም። ግንቡ ወድቆ ቢሆን ኖሮ እትዬ ሉባባ ወልይ ናት፣ የሚመጣውን ታያለች ትባል ነበር፤ ባለመውደቁ ቁልፍ የተነጠቀች አሮጊት ሆና ቀረች። ያልደረሰ አደጋ ምስክር የለውም። ሐጂም መስከረም ሲጠባ ቦዩን መልሰው እንደሚደፍኑት አስታወቁ። ድንጋይም ማስራገፍ ጀመሩ። አሚናት ድንጋዩን ባየች ቁጥር ፊቷ ይገረጣል።

እትዬ ሉባባ ሁለተኛ ቅሬ ልትጠራ አትችልም፤ ብትጠራም የሚያምናት የለም።   አንድ ቀን ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወደዚያ ወጣት ባለሙያ ቢሮ ስትሄድ አየኋት፤ ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም።

ብዙ ሳይቆይ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስለ አደጋ መከላከል ስብሰባ አለ ተባለ። እኔም ተጠራሁ፤ ምሳ አለ ስለተባለ ማስተዋሌ በረታ። እትዬ ሉባባ እንደ ልማዷ በር አጠገብ ተቀመጠች፣ እኔም ምሳውን አስቤ አጠገቧ። ብዙ ንግግር ተደረገ። ከዚያ መድረኩ ላይ የሐጂ ይመር ስም ተጠራ፤ «በራሳቸው ተነሳሽነት የግል ይዞታቸውን ለውሃ መውረጃ የለቀቁ አርአያ አባት» ተባሉ። ሐጂ መጀመሪያ ደነገጡ። ሌላ ይመር ያለ መስሏቸው ዞር ዞር አሉ። መድረኩ ጋ እስኪደርሱ ግን ነገሩን አምነውታል። በመስታወት የታሰረ የምስጋና ወረቀታቸውን ታቅፈው ማይኩን ተቀበሉና፣ ይህን ሐሳብ ለዓመታት ሲያብላሉት እንደኖሩ፣ ሰፈራቸው ባይረዳቸውም እንደጸኑ፣ እሳቸው በሕይወት እስካሉ ያንን ቦይ ማንም እንደማይደፍነው ተናገሩ። ካሜራው ይቀርጻል፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ያጨበጭባል።

ዛሬ ያ ወረቀት ቢሯቸው ውስጥ፣ ከወንበራቸው በላይ ተሰቅሏል። ያስራገፉት ድንጋይ ለቦዩ ዳር መደገፊያ ሆነ፤ ስሙም «የሐጂ ይመር ቦይ» ነው። ቆሻሻ የሚጥልበትን ሲያዩ ራሳቸው በከዘራ ያባርራሉ። የአሚናት በር ታድሶ ይዘጋል።

ያን ቀን ግን እኔ ደሜ ፈልቶ ነበር። እጄን አጣጥፌ ወደ እትዬ ሉባባ ዞርኩ። እሷ መዳፎቿ እስኪቀሉ ታጨበጭባለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቁልፍሽን የቀማ ሰውዬ ነው እኮ!» አልኳት። «ሥራሽን በአደባባይ ሲሰርቅሽ ታጨበጭቢለታለሽ?»

አይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል በክርኗ ጎሸመችኝ።

«አጨብጭብ ሰይድ» አለች፣ «ጠንከር አድርገህ። እጁን እያሰርንለት ነው።»